ጥሩወርቅ የጠለፈችው ስም

ባለፈው ሰሞን ልጄ ያሬድ «እማዬ፣ እቤት ውስጥ ሻገትሽ፤ ተነሺ አየር ውሰጂ» ብሎ እየጎተተ አወጣኝ። በሽታው አለቀ አላለቀም እየተባለ፣ ግማሹ ሰው ማስኩን አድርጎ፣ ግማሹ አገጩ ሥር አንጠልጥሎ የሚዞርበት ጊዜ ነው። የወሰደኝ አንድ ትልቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ እሑድ እሑድ ወደሚዘረጋ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነበር። በር ላይ የቆመው ዘበኛ በዙሉኛ «ሳውቦና ጎጎ»፣ ሰላም አያቴ እንደማለት፣ ብሎ ያንን የሚቀዘቅዝ ፈሳሽ እጄ ላይ ረጨልኝ፤ እኔም «ሳውቦና ልጄ» ብዬው ገባሁ። ጆሃንስበርግ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ፣ አሮጌ ነገር ከአዲስ እንደሚወደድ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። እጀታው የተሰበረ ሲኒ፣ የዛገ ቁልፍ፣ የማያውቁት ሰው የሠርግ ፎቶግራፍ ሳይቀር ይሸጣል። ወይ ጉድ እያልኩ ስዞር አንድ ጥግ ላይ የናፍታሊን ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የልብስ ሳጥን ሽታ ነው። ቀና ስል በፍሬም የታሰረ ጨርቅ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ጨርቁ ከጊዜ ብዛት ሻይ የፈሰሰበት መስሏል። ከላይ የእንግሊዝኛ ፊደል በቀይ ክር ተደርድሯል፤ ከፊደሉ ሥር ቁጥር፣ ከቁጥሩ ሥር ጭስ ማውጫ ያለው ቤት፣ ከቤቱ ግራና ቀኝ ሁለት ዛፍ፣ ከአንደኛው ዛፍ የምትበልጥ ወፍራም ወፍ። ከሁሉ በታች የጠለፈችው ልጅ ስም ከነአባቷና ዕድሜዋ። ሻጯ ፀጉሯን በእርሳስ የጠቀለለች ነጭ አሮጊት ናት፤ እኔ ቆሜ መቅረቴን አይታ መጣች። «የትምህርት ቤት ልጅ የሠራችው ነው» አለች፤ ያሬድ እየተረጎመልኝ። «ድሮ ሴት ልጅ ስፌት ስትማር የተማረችውን ሁሉ አንድ ጨርቅ ላይ ታሳይ ነበር። ይኼ ከመቶ ዓመት ይበልጠዋል። ስሟ ስላለበት ነው የተወደደው፤ ስም የሌለበትን ሰው አይፈልገውም።» እኔ ዓይኔን ከስሙ መንቀል አቃተኝ። «እናቷ ምን አለቻት?» አልኩ። ያሬድ «የማን እናት?» አለኝ። ምን ብዬ ልንገረው? ነገሩ ረጅም ነው፤ እሱ ደግሞ መኪናውን ያቆመበት ሰዓት እንዳያልፍበት ይቅበጠበጣል።

እኛም እንዲህ ያለ ጨርቅ ነበረን። ዓመቱን ከጠየቃችሁኝ እንጃ፤ ንጉሡ ገና ነበሩ፣ ግን የሚሳሳላቸው ሰው እየቀነሰ ነበር ይባላል፤ እኛ ልጆች ምን እናውቃለን? እኔ የማውቀው የክር ጥቅል አሥር ሳንቲም እንደነበረ ነው። ከፒያሳ ወረድ ብሎ አንድ የአርመን ሱቅ ነበር፤ ሰውየው ክሩን በመሳቢያ በመሳቢያ በቀለም ለይቶ ያስቀምጠዋል፣ ቀይ ስትሉት ስንት ዓይነት ቀይ ያወጣላችኋል። «የትኛው ቀይ ነው የኔ እመቤት?» ሲለን እመቤት የሚለውን ለመስማት ስንል እንደገና ይነግረናል ብለን እናመነታለን። ሱቁ አጠገብ ቦምቦሊኖ የሚጠበስበት ቤት አለ፤ ክር ገዝቶ ቦምቦሊኖ መግዛት አይቻልም፣ አንዱን ነው። እኔ ብዙ ጊዜ ሆዴን እመርጥና ክር ከጥሩወርቅ እለምናለሁ። ሰማያዊ ሽንሽን ቀሚስ ነበር የደንብ ልብሳችን፣ ነጩን ሸራ ጫማችንን ደግሞ ከጥቁር ሰሌዳ ሥር በለቀምነው ጠመኔ እናነጣዋለን፤ ዝናብ ሲመታን ነጩ እየቀለጠ ካልሲያችን ላይ ይወርዳል። ከፍ ያሉት ሴቶች አፍሮ አበጥረው፣ ታኮ ጫማ አድርገው፣ ጉልበታቸውን አሳይተው ሲያልፉ አፋችንን ከፍተን እናያለን። ሰባ ደረጃ አናት ላይ የነበረው ቡና ቤት ሸክላ ያጫውት ነበር። ዘፈኑ ሳያልቅ ደረጃውን መውረድ ኃጢአት ይመስለናል፤ ቆመን አስጨርሰን ነው የምንወርደው። አሁን ሰው ስልኩን ጆሮው ውስጥ ሰክቶ ብቻውን ይሰማል። ይመቸው፤ እኔ ምን አገባኝ።

ጥሩወርቅ የወንበር ጓደኛዬ ናት። ቀጭን፣ ጠይም፣ ስታስብ ምላሷን በጥርሷ የምትይዝ ልጅ። የእጅ ሥራ መምህራችን እትዬ አሰገደች ይባሉ ነበር፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉና ሊያዩን ሲፈልጉ ሳይሆን ሊቆጡን ሲፈልጉ ያደርጉታል። ለእያንዳንዳችን ቁራጭ አቡጀዲ ሰጡን። ዓመቱን ሙሉ የምንማረውን ስፌት እዚያው ላይ በረድፍ በረድፍ እንድንሠራ ነው፤ ሰንሰለቱን፣ መስቀለኛውን፣ የዓሣ አጥንቱን። ከዚያ ፊደል። ፊደሉን ስንጀምር አንዲት ልጅ «ከሀ እስከ ሆ ነው?» ብላ ጠየቀች። እትዬ አሰገደች «ኧረ በሞቴ! ሁ ሂ እያላችሁ ከጀመራችሁ እኔ ጡረታ ስወጣም አትጨርሱት። ሀ ለ ሐ መ ብላችሁ ውረዱ፣ ይበቃል» አሉ። ጨርቁን ተቀብለው መጀመሪያ የሚያዩት ጀርባውን ነው። ክሩ ከተዝረከረከ ምንም ሳይሉ ይመልሱልሻል፣ ያ ከዱላ የባሰ ነበር። የኔ ጀርባው ሁልጊዜ የተዝረከረከ ነው። የጥሩወርቅ ግን ፊቱ የቱ ጀርባው የቱ እንደሆነ አይታወቅም፤ መርፌ ለእጇ የተፈጠረላት ነበረች።

አንድ ቀን እትዬ አሰገደች መጡና «ዓመቱ ሲያልቅ ከሁሉ የበለጠው ጨርቅ ለደብሩ ይሰጣል፣ የአትሮኖስ ልብስ ይሆናል። አሁን ከታች ስማችሁን ጥለፉ» አሉን። ክፍሉ ተንጫጫ። እኔ ወዲያው እ ብዬ ጀመርኩ። ጥሩወርቅ ግን መርፌዋን ይዛ፣ ምላሷን ነክሳ ቁጭ አለች።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«እልፌ፣ ጥሩወርቅ ብዬ ብጠልፈው እግዜር እንዴት ያውቀኛል?»

«እንዴት ማለት?»

«ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ጨርቅ ነዋ! እዚያ ጥሩወርቅ የምትባል የለችም። እዚያ የምታወቀው በክርስትና ስሜ ነው።»

አሰብኩት። እውነቷን ነው። ለቁርባንና ለጸሎት የሚጠራው የክርስትና ስም ነው፤ ጥሩወርቅ ማለት ለሰፈርና ለመምህር ነው እንጂ ለመሠዊያ አይሆንም። እንዲያውም እኔ ሳላስበው እልፍነሽ ብዬ መጀመሬ ቆጨኝ። እሷ አረንጓዴ ክር አውጥታ ወለተ ሰንበት ብላ ጠለፈች። እንዴት ያምር ነበር! ስትጨርስ በእጇ ከልላ ለኔ ብቻ አሳየችኝ፤ ለትልቅ ሰው የሚደረግ ክብር ነበር የመሰለኝ።

ቅዳሜ ጨርቋን አጥባ፣ ስታርች አድርጋ ልትተኩስ እቤቷ ወሰደችው፤ እኔም ተከትያት ሄድኩ። እናቷ እትዬ ተዋበች ሽንኩርት ሲልጡ ነበር። ጨርቁን እያዩ «እሰይ የኔ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ» እያሉ ከላይ ወደ ታች መጡ። ታች ሲደርሱ ፊታቸው ተለወጠ። «ኡኡ!» አሉ። «የክርስትና ስምሽን? በክር ጽፈሽ? አደባባይ? ከእናት ስም ጋር አጣምሮ ድግምት የሚያስደግም ስንት አለ፣ አንቺ ልጅ፣ በቁሜ ልትቀብሪኝ ነው?» ምላጭ አመጡ። ያን የመሰለ ጥልፍ አንድ በአንድ ሲተረትሩት ጥሩወርቅ አላለቀሰችም፣ ምላሷን ነክሳ ታያለች። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ተርትረው ሲጨርሱ ወደኔ ዞሩ።

«አንቺስ? ምን አየሽ?»

«ምንም አላየሁም፣ እትዬ።»

«ምን ይል ነበር?»

«ማንበብ አልችልም።»

«ከክፍሉ አንደኛ ነው የምትወጪው አይደል እንዴ?»

«ይኼኛውን አልችልም።»

እትዬ ተዋበች ትንሽ አዩኝና «ጎሽ» አሉ። «ሆድ ይፍጀው። ማተብሽን ይዘሽ ማዪልኝ።» ማተቤን ይዤ ማልኩ። ቁራሽ ዳቦ በአዋዜ ሰጡኝ፤ እያለቀስኩ በላሁት። ጨርቁ ላይ ክሩ ቢወጣም የመርፌው ቀዳዳ ቀርቶ ነበርና ጥሩወርቅ አበባ ጠልፋ ሸፈነችው። እትዬ አሰገደች አበባውን ሲያዩ ምን አሉ መሰላችሁ፣ «ስም አልኩ እንጂ አበባ መቼ አልኩ?» ብለው መለሱላት። ለደብሩ የተሰጠው የሌላ ልጅ ነው፤ የማን እንደነበረ ጠፋኝ።

ይኸው ነው ታሪኩ፤ የልጅ ነገር። ከዚያ በኋላ ትዳር አለ፣ ወሊድ አለ፣ የመንግሥት መለዋወጥ አለ፣ ሰው ይበታተናል። ጥሩወርቅ ባሏን ተከትላ ደቡብ አፍሪካ ገባች። እኔን ባሌ ካረፈ በኋላ ነው ያሬድ ያመጣኝ፤ እሱ መድኃኒት ቤት ነው የሚሠራው። አንድ ቀን የመጋረጃ ጨርቅ ልገዛ ጄፒ የሚባል ሰፈር ያሉት የሐበሻ ሱቆች ሄድኩ። ያሉበት ሕንፃ ጉንዳን ቤት ነው፤ ሰው በብርድ ልብስ ጥቅል መሐል በጎኑ ነው የሚያልፈው። አንዱ ሱቅ ውስጥ የወፈረች ሴትዮ የትራስ ልብስ ገልብጣ ጀርባውን እያየች «ይኼ ስፌት ነው? ይኼ ስፌት ነው?» እያለች አቅራቢውን ታስጨንቀዋለች። አፏን አየሁ፣ ምላሷን ነክሳለች። «ጥሩዬ?» አልኳት። ትራሱን ጣለችው። የዚያን ቀን ሱቁ በጊዜ ተዘጋ።

መጀመሪያ ስትመጣ አይቮሪ ፓርክ የሚባል ሰፈር ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ነበራት፤ ስኳርና ዳቦ በፍርግርግ ቀዳዳ እያቀበለች ልጇን አሳደገች። ባሏ በመኪና አደጋ ካለፈ ቆይቷል። ቤሪያ የሚባል ሰፈር አንድ ፎቅ ላይ ተከራይታ ከልጇ ከሊዲያ ጋር ትኖር ነበር፤ ሊፍቱ ከተበላሸ የቆየ፣ ደረጃው ላይ የሁሉም አገር ወጥ የሚሸትበት ፎቅ። ከዚያ በኋላ ቀኔ ሁሉ ጄፒ ነው። ሱቋ ውስጥ ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጠን እናወራለን፤ ደንበኛ ሲገባ በዙሉኛ ትቀልድበታለች፣ በአማርኛ ታማዋለች፣ በእንግሊዝኛ ዋጋ ትነግረዋለች። ስለ ትምህርት ቤት ያላወራነው የለም። ስለዚያ ስም ግን አንድም ቀን አላነሣችብኝም፣ እኔም አላነሣሁባትም። ማተቤን ይዤ ምዬ የለ?

ከዚያ ሎክዳውን መጣ። ጄፒ ተዘጋ፣ ሁላችን በየቤታችን ተዘጋን። የመጀመሪያው የእነሱ ክረምት፣ ሰኔና ሐምሌ፣ ብርዱ አጥንት የሚገባው ጊዜ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሰው ሞቷል። እገሌ አረፈ፣ እገሊት አረፈች፣ የእገሌ ሬሳ አገር አይገባም ተባለ። መጀመሪያ መጀመሪያ አለቀስኩ። ከዚያ ደነዘዝኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ «እግዜር ያጥናችሁ» ብዬ ስልኩን ዘግቼ ሽንኩርቴን እቀጥላለሁ። ለቅሶ የማይደረስበት ሞት ሞት አይመስልም። ነጠላ ዘቅዝቄ የምቀመጥበት ድንኳን የለ፣ ደረት የሚመታ የለ፣ ንፍሮ የለ። ያሬድ «እማዬ፣ ደህና ነሽ?» ይለኛል፤ «ደህና ነኝ» እለዋለሁ። ደህና ነበርኩ። ምንም አይሰማኝም ነበር።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ሊዲያ ደወለች። እዚህ የተወለዱ ልጆች እርስዎ ማለት አያውቁም፣ አንቺ እያለች ነው የምታናግረኝ፤ ለምጄዋለሁ።

«አንቲ እልፌ፣ ማሚ ሆስፒታል ገብታለች። ኦክስጅን ላይ ናት። አያስገቡኝም።»

«በስመ አብ! መቼ?»

«ትላንት። አንቲ፣ ቄሱ ማታ ማታ በስልክ ምሕላ ያደርሳሉ፤ ለታመሙት ሁሉ በክርስትና ስማቸው ይጸልያሉ። የማሚን ጠየቁኝ። እኔ አላውቅም። ጠይቄያት እንኳ አልነገረችኝም፤ ምን ያደርግልሻል ነው የምትለኝ። የንስሐ አባቷ አዲስ አበባ ነበሩ፣ ሞተዋል። አንቺ ታውቂዋለሽ?»

አፍ አውጥቼ አውቃለሁ ማለት አቃተኝ። እትዬ ተዋበች አፈር ከሆኑ ስንት ዘመናቸው ነው፣ እኔ ግን ጆሃንስበርግ መሐል ፈራኋቸው። ልጅቷ «አንቲ? አለሽ?» ትላለች። ያለ ስም የሚጸለይላት የለም፤ እዚያ ማንም የማይገባበት ክፍል ውስጥ ብቻዋን ተኝታለች። የምታምንበት ይህንኑ ነው፤ እኔም የማምነው ይህንኑ ነው። ማተቤን በእጄ ያዝኩና «ወለተ ሰንበት» አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ማታ ማታ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አደርግና ምሕላውን እሰማለሁ። ቄሱ የታመሙትን ስም ይጠራሉ፣ መሐል ላይ ወለተ ሰንበት ይላሉ። እኔ አሜን እላለሁ። ምን እንደተሰማኝ ከጠየቃችሁኝ፣ ምንም። አሜን ብዬ ተነሥቼ የያሬድን ራት አሞቃለሁ። አንዳንዴ መብራት ይሄድና በጨለማ ነው የምሰማው። ያችን ልጅ ምላሷን ነክሳ ሳስባት፣ ሩቅ እንዳለ የማላውቀው ሰው ነበር የምትሆንብኝ።

ዳነች። ልክ ነው፣ ዳነች! ከሆስፒታል ወጥታ ቤሪያ ገባች፤ ሁለት ጎረምሶች በወንበር ተሸክመው ነው አሉ ደረጃውን ያወጧት። ድምፅዋ ሲመለስ ራሷ ደወለችልኝ።

«አንቺ እልፍነሽ፣ ሊዲያ ጸሎት አስደረስሽልኝ አለችኝ፣ እውነት ነው?»

«እንዴታ! ምን ላድርግ ታዲያ?»

«በማን ስም?»

«ጥሩዬ፣ ይቅር በይኝ፣ ልጅቷ ስታለቅስ ጊዜ አልቻልኩም። ያንን… የጠለፍሽውን» አልኳት።

መጀመሪያ ሳል መሰለኝ። ሳቅ ነው። ትስቃለች፣ ታስላለች፣ ትስቃለች። ሊዲያ ከኋላ «ማሚ፣ ኦክስጅንሽ!» እያለች ትጮሃለች።

«እልፌ» አለች ትንፋሿን ስታገኝ። «ያ እኮ ስሜ አይደለም።»

«ምን?»

«የውሸት ነው! እናቴ ናት የሰጠችኝ። ልጅ አፉ አይታመንም ብላ፣ ከትንሽነቴ ወለተ ሰንበት ነሽ ትለኛለች፤ እኔም አምኜ ኖርኩ። ልትሞት ስትል ነው ጠርታ እውነተኛውን የነገረችኝ። “ያኔ ጨርቅ ላይ ጽፈሽው ስታመጪ ነው ልክ መሆኔን ያወቅሁት” አለችኝ።»

«ታዲያ ለምን ጮኹ? ለምን በምላጭ ተረተሩት? የውሸት ከሆነ!»

«ካልጮኸች እውነተኛ መሆኑን ማን ያምናታል?»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ያን ሁሉ ዘመን ማተቤን ይዤ የጠበቅሁት ምስጢር የማንም አልነበረም። «እና እኛ ስንጸልይ የነበረው ለማን ነው?» አልኳት። «እኔ ምናውቄ፤ አንዷ ወለተ ሰንበት የሆነ አገር አልጋዋን ተሸክማ ተነሥታለች» ብላ እንደገና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ዓመት የሳቅሁት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ በር ስትዘጋ ሰማሁ።

«ስሚ። እኔ ሳልቀድምሽ አልቀርም፤ ሳንባዬ ተበልቷል። ያኔ በውሸት ስም እንዳትሸኙኝ። እዚያ ተኝቼ ያሰብኩት ይኼንኑ ነው፤ ነርሷ ማሚ ማሚ ስትለኝ፣ አሁን ብሞት ማን ብለው ሊጠሩኝ ነው እያልኩ። ላንቺ ልንገርሽ። ለሊዲያ እኔ እያለሁ አትንገሪያት፤ ይኼ የስልክ ግሩፕ ላይ ይለጥፉታል።»

ነገረችኝ። በሹክሹክታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። እኔም የኔን ነገርኳት፤ አልጠየቀችኝም፣ ግን እንዲሁ መተዉ የማይገባ መሰለኝ።

የበሽታው ሁለተኛው ማዕበል የመጣው ለገና ሰሞን ነው፤ የእነሱ በጋ፣ ከሰዓት ከሰዓት ዝናብ የሚጥልበት። ጥሩወርቅ ሆስፒታል እንኳ አልደረሰችም። ሊዲያ ስትደውል ሩዝ እየለቀምኩ ነበር። «እሺ» አልኩ። «እመጣለሁ» አልኩ። ሩዙን ለቅሜ ጨረስኩ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ጥቁር ልብስ ለበስኩ። ያሬድ መኪና ውስጥ በመስታወት እያየኝ ነበር፤ እንዳለቅስለት የሚጠብቅ ይመስል። ከየት ላምጣለት?

መቃብሩ ቀይ አፈር ነው፣ ዝናቡ ጭቃ አድርጎታል። ሰዉ በቁጥር ነው የሚገባው፤ ሌላው በስልክ ያያል፣ አንዱ ዘመዷ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዟል። ነጭ ላስቲክ ለብሰው ሳጥኑን የያዙት ሰዎች «ራቅ በሉ፣ ራቅ በሉ» ይላሉ። ቄሱ ማስካቸውን አድርገው፣ ጥላ ተይዞላቸው ቆመዋል። ከተማውን ያዳረሱት እሳቸው ብቻቸውን ናቸው፣ ከሌላ ቀብር ነው የመጡት፤ ማንንም ሳይጠይቁ ጀመሩ። ስሟ የሚጠራበት ላይ ሲደርሱ «ወለተ ሰንበት» አሉ። የምሕላው ጊዜ ስም ነው፣ እኔው ራሴ የሰጠኋቸው።

«አባ!» አልኩ። «አባ፣ ያቆዩት! አይደለም!»

ሰዉ ዞሮ አየኝ። አበደች ብለውኝ ይሆናል። ወደ ጆሯቸው ልጠጋ ስል ከላስቲክ ለባሾቹ አንዱ እጁን ዘርግቶ ከለከለኝ። ከቆምኩበት ተናገርኩ። ቄሱ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «አልሰማሁም እናቴ፣ ጮክ ይበሉ» አሉ። ዝናቡ ጥላው ላይ ይንጣጣል። ልጮህ ሞከርኩ፤ ማስኩ ውስጥ ትንፋሽ እንጂ ድምፅ አልወጣኝም። ክረምቱን ሙሉ ያልጮኸ ጉሮሮ ዝጎ ኖሯል።

ሊዲያ ክንዴን ይዛኛለች። «ምንድን ነው የምትያቸው፣ አንቲ? ምንድን ነው?»

አየኋት። እናቷ እኔ እያለሁ ብላ ነበር፤ አሁን የለችም። አርባዋ ሲደርስ፣ ዓመቷ ሲደርስ ስሟን የምትሰጥላት እሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም፤ እኔም ነገ ተከታይ ነኝ። ጆሮዋ ሥር ጎንበስ አልኩና ነገርኳት።

ልጅቷ ቀና አለች። «አባ!» አለች፣ በዚያ በሚንሻፈፍ የጆሃንስበርግ አማርኛዋ፣ እዚያ ማዶ ሌላ ሰው የሚቀብሩት ሳይቀሩ እንዲሰሟት አድርጋ። «አመተ ሥላሴ ናት! የማሚ ስም አመተ ሥላሴ ነው!» ቄሱ እሺ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷ ግን አላቆመችም፤ ወደ ጉድጓዱ ዞረች። «አመተ ሥላሴ» አለች፣ አሁን ለእናቷ። «ማሚ፣ አመተ ሥላሴ! ሰማሽ? አመተ ሥላሴ!»

እጄ ብድግ አለ፤ አፏን ልይዝ። መንገድ ላይ ተውኩት። ከእንግዲህ ማን ምን ሊያደርጋት?

ቄሱ ከመጀመሪያው ጀመሩ።